የሙሽሮች ዳንስ ላይ የሚተኮሰው የብልጭታ ማሽን፦ ማሽኑ ደህና ነው፤ ኮርኒሱስ?

«ቀዝቃዛ ርችት» እየተባለ የሚከራየው ማሽን እንደ ዕቃ ጥሩ ነው። ጭሱ ጥቂት ነው፣ በሪሞት ወይም በዲኤምኤክስ (የመድረክ መብራት በሚታዘዝበት ገመድ) ይታዘዛል፣ በተፈለገው ሰከንድ ይቆማል። አንዴ ከተለኮሰ እስኪያልቅ ከማይቆመው የባሩድ ርችት የሚሻለውም በዚህ ነው። ለምሽት ክበብም ሆነ ለሠርግ አዳራሽ «ውሰዱት» የምንለው ግን ኮርኒሱን ካየን በኋላ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ደቃቅ የብረት ብናኝ (ቲታኒየምና ዚርኮኒየም) በማሽኑ ማጠራቀሚያ ይጨመራል፤ ማሞቂያው ያግለዋል፣ ፋኑ ወደ ላይ ይተፋዋል። ብልጭታው ደቃቅ ስለሆነ ቶሎ ይበርዳል፤ ማሽኑ አፍ አጠገብ ግን እጅ ያቃጥላል፣ ቬሎ ይበሳል። እንግዶችንና ሙሽሮችን ቢያንስ 3 ሜትር አርቁ። የብልጭታውን ቁመት ከኮርኒሱ ግማሽ አታሳልፉ፤ ኮርኒሱ 4 ሜትር ከሆነ 2 ሜትር ይበቃል። አንዱ ማሽን 600 ዋት ገደማ ይስባል፣ ለመጋልም ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ሁለቱን ከድምፅ ማጉያው ጋር በአንድ ማከፋፈያ የሚሰኩ አሉ፤ ብሬከሩ የሚወርደው ታዲያ ልክ ሙሽሮቹ ሲገቡ ነው።

ብናኙ እርጥበት ከነካው ይጓጉላል፤ ብልጭታው ይቆራረጣል ወይም ጭራሽ ይዘጋል። ከሥራ በኋላ የተረፈውን ሳያስወጡ ማስቀመጥም ያው ነው። ትልቁ ጥፋት በዚህ ጊዜ ክዳኑን ከፍቶ መነካካት ነው። ከጎን ካለው ማሽን የወደቀ ብልጭታ ማጠራቀሚያው ውስጥ ከገባ ብናኙ በሙሉ ይያያዛል። የብረት እሳት ነውና ውኃም ሆነ ካርቦንዳይኦክሳይድ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ደረቅ አሸዋ ወይም ለብረት እሳት የተሠራ ማጥፊያ አጠገቡ ይኑር።

ወደ ኮርኒሱ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ፣ ስቴሽን በተባለው ክበብ የመድረክ ርችት የድምፅ መምጠጫውን ስፖንጅ አያያዘና 100 ሰው ሞተ። ከ90 ሰከንድ በኋላ ውስጥ መቆየት አይቻልም ነበር፤ አብዛኛው ሰው የሮጠው በገባበት በር ነው፣ በሩም ታጨቀ። በ2013 በብራዚል ሳንታ ማሪያ፣ ኪስ ክበብ ውስጥ 242 ሰው የረገፈው ለውጭ የተሠራ ርችት ያንኑ የፖሊዩሪቴን ስፖንጅ አቀጣጥሎ ነው፤ ጭሱ ሳያናይድ የተባለ ገዳይ መርዝ ነበረው። በ2023 በሰሜን ኢራቅ ቃራቆሽ የሠርግ አዳራሽ የሙሽሮቹን ዳንስ ያጀበው ርችት ጣሪያውን አያያዘና ከ100 በላይ ታዳሚ አለቀ። ሙሽሮቹ ቢተርፉም ከየቤተሰባቸው ብዙ ሰው ቀበሩ።

ስለዚህ አዳራሹን ሂዱና ቀና በሉ። ስፖንጅ፣ የተንጠለጠለ ጨርቅ፣ የፕላስቲክ አበባ ካለ ጠይቁ። «እሳት አይነካውም» ካሏችሁ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ የአውራ ጣት ታህል ቁራጭ ከማይታይ ጥግ ይቁረጡላችሁ። ደጅ አውጥታችሁ በረጅም ጉጠት ያዙትና ከብረት ባልዲ በላይ ላይተር ለኩሱበት፤ ጭሱን ግን አታሽትቱ። ቀልጦ እየነደደ የሚንጠባጠብ ከሆነ ነገሩ አለቀ፣ ማሽኑ እዚያ አይሠራም። ባይነድም ነፃ ማለት አይደለም፤ የፋብሪካውን የእሳት መቋቋም ወረቀት ጠይቁ።

ጠርሙስ ላይ የሚሰካውን ርችት ጭራሽ እርሱት። ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፣ አስተናጋጁም እጁን ዘርግቶ ወደ ኮርኒሱ ያቀርበዋል። ለፎቶ ያምራል፣ ከዚያ ያለፈ ጥቅም የለውም።

የኋላ በሮችንም ራሳችሁ ገፍታችሁ ክፈቱ፤ ሳጥን ከተደረደረበት ወይም ከተቆለፈ በር አይባልም። አከራዩ ደግሞ ቀብድ ከመቀበሉ በፊት መጥቶ አዳራሹን ይይ። ኮርኒሱን ሳያይ በስልክ «ችግር የለም» ካላችሁ ገንዘቡን ለባንዱ ጨምሩት።