አዲሱን ሰፊ ስክሪን ትቼ በአሮጌው ዴል 2007ኤፍፒ ስሠራ ያየሁት

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ቀኑን ሙሉ አማርኛ የምትተይቡ ከሆነ፣ አዲስ ርካሽ ሰፊ ስክሪን ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ካሬ የሚጠጋውን አሮጌ ስክሪን አንዴ እዩት። ለፊልም አይደለም። ለጌምም አይደለም። ለጽሑፍ ነው የምላችሁ።

ደሴ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የኮፒ ሥራ ነው የምሠራው። ማመልከቻ፣ ውል፣ ቃለ ጉባኤ፣ የመመረቂያ ሰሞን ደግሞ የተማሪዎች ጽሑፍ። አሮጌ ስክሪን መሰብሰብ የጀመርኩት ከዚህ ሥራ በፊት ነው። ከቆራሌው፣ ከጨረታ፣ ከጥገና ቤት ጥግ፣ ያገኘሁትን እይዛለሁ። ከግንቦት ወዲህ ግን አንደኛው ዋናው የሥራ ስክሪኔ ሆኗል። ዴል አልትራሻርፕ 2007ኤፍፒ ይባላል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2006 የወጣ ነው። 20.1 ኢንች፣ 1600 በ1200 ፒክስል (ፒክስል ማለት ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች ናቸው)፣ ቅርፁ 4 ለ 3።

ብዙ ሰው ስክሪን ሲገዛ ኢንቹን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ኢንች ግን የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው። ስለዚህ ሰፊ ስክሪን ኢንቹ ቢበዛም ቁመቱ አጭር ይሆናል። ባለ 24 ኢንቹ ሰፊ ስክሪን ከላይ እስከ ታች ሲለካ 30 ሴንቲሜትር አይሞላም። የእኔው ባለ 20 ኢንች 30.6 ሴንቲሜትር ነው። ባለ 22 የሚባለውማ 27 አካባቢ ነው። ኤ4 ወረቀት ቁመቱ 29.7 ሴንቲሜትር መሆኑን አስቡ። ለእኛ ሥራ ጉዳዩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም እኛ የምንሠራው ወረቀት ላይ ለሚወጣ ነገር ነው እንጂ ግራና ቀኝ ባዶ ለሚቀር ቦታ አይደለም።

ደግሞ ይዞራል። መቆሚያው ላይ ከፍ አድርጌ ወደ ጎን ሳቆመው ቁመቱ ወደ 41 ሴንቲሜትር ይጠጋል። ያኔ አንድ ሙሉ የኤ4 ገጽ በትክክለኛ መጠኑ፣ ከነ ርዕሱ፣ ከነ ፊርማ ቦታው፣ ከላይ ካለው የማይክሮሶፍት ወርድ ሜኑ ጋር አንድ ላይ ይታያል። የውል ጽሑፍ ስሠራ ወደላይ ወደታች መንከባለል ቀረ። ቁጥር 3 ላይ የተጻፈው ቁጥር 9 ላይ ካለው ጋር ይጋጫል ወይ የሚለውን ዓይኔን ብቻ አንቀሳቅሼ አያለሁ።

ባለጉዳዮችም ወደውታል። አንድ ቀን ከኩታበር የመጡ ሸህ ማመልከቻ አጻፉ። ልጨርስ ስል «ልጄ፣ ሳታወጣው እኔም ልየው» አሉኝ። «ይዩት ሸህዬ» ብዬ ስክሪኑን በመቆሚያው ላይ ወደ እሳቸው አዞርኩላቸው። መነጽራቸውን ሳያወጡ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። የአያታቸው ስም ላይ አንድ ፊደል አሳረሙኝ። ስም በአንድ ፊደል ከተሳሳተ ሰውየው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ነው የሚከርመው። ወረቀት ከወጣ በኋላ ከማረም እንዲህ ስክሪኑ ላይ ማረም ለሁለታችንም ይሻላል።

የፊደሉ ነገር እንዲያውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የእኛ ፊደል ጥቃቅን ምልክት ይበዛዋል። ‹ተ› እና ‹ቸ›፣ ‹ነ› እና ‹ኘ›፣ ‹ደ› እና ‹ጀ› የሚለያዩት አናት ላይ ባለች ትንሽ መስመር ነው። ስክሪኑ ከደበዘዘ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። 2007ኤፍፒ በአንድ ኢንች ውስጥ ወደ 100 ፒክስል ይይዛል። ባለ 24 ኢንች 1920 በ1080 የሆነው ግን 92 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ትንሽ ይመስላል፣ በ11 ፎንት ኒያላ ስትጽፉ ግን ዓይን ይለየዋል። ለዓመታት ‹ተ› እና ‹ቸ› ለመለየት ወደ ስክሪን ተጠግቶ የኖረ ሰው ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል። እኔን ደስ ብሎኛል።

አሁን ወደ ኬብሉ። አሮጌ ስክሪን የሚጠላው ሰው አብዛኛው የሚጠላው ስክሪኑን ሳይሆን ኬብሉን ነው። ጀርባው ላይ ሁለት ዋና መግቢያ አለ። ሰማያዊው ቪጂኤ ነው፣ አይቢኤም እንደ ፈረንጆቹ በ1987 ያመጣው፣ አናሎግ። ነጩ ዲቪአይ ነው፣ ዲጂታል። በቪጂኤ፣ በተለይ ከቀጭን ርካሽ ኬብል ጋር፣ ፊደሉ ጥላ ያወጣል፣ ጠርዙ ይርገበገባል። በዲቪአይ ያው ስክሪን ሌላ ስክሪን ይሆናል።

አሁን ያሉት ላፕቶፖች ዲቪአይ የላቸውም፣ ኤችዲኤምአይ ነው ያላቸው። ችግር የለውም። ሁለቱ የሚጠቀሙት የምስል ሲግናል አንድ ዓይነት ስለሆነ ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲቪአይ ተራ ኬብል ይበቃል፣ ውስጡ ምንም ቺፕ አያስፈልገውም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ ግን ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይር ቺፕ ያለው ኮንቨርተር የግድ ነው፣ ርካሾቹም 1600 በ1200 የሚለውን አማራጭ ጭራሽ ላያሳዩ ይችላሉ። ያኔ ምስሉ ይለጠጣል፣ ሰው ደግሞ ስክሪኑ ተበላሽቷል ይላል። አንድ ሻጭ ለእኔም ወደ ቪጂኤ የሚቀይረውን «ያው ነው» ብሎ ሊሸጥልኝ ታግሏል። ያው አይደለም። 1600 በ1200 በ60 ኸርዝ (ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ ማለት ነው) የሚፈልገው የሲግናል ፍጥነት 162 ሜጋኸርዝ ነው፣ ነጠላው የዲቪአይ መስመር የሚችለው ደግሞ እስከ 165። ለጥቂት ነው የገባው፣ ግን ገብቷል፣ ንጹሕ ምስልም ይሰጣል።

ከቪጂኤ ሌላ አማራጭ ለሌላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስክሪኑ ላይ ያለውን የራስ ማስተካከያ ቁልፍ ስትጫኑ ባዶ ዴስክቶፕ ላይ አትጫኑት። መጀመሪያ ጽሑፍ የሞላበት ገጽ ክፈቱ። ስክሪኑ ፒክስሉን የሚያመሳስለው በሚያየው ምስል ነው፣ ስለዚህ ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ ሲያገኝ በደንብ ይይዘዋል።

ወደ ጎን ስታቆሙት ፊደሉ ጠርዝ ላይ ቀይና ሰማያዊ ቢጤ ሊያሳይ ይችላል። የዊንዶውስ ክሊርታይፕ ፊደል የሚያለሰልሰው ስክሪኑ አግድም እንደሆነ አስቦ ስለሆነ ነው። ክሊርታይፑን አጥፍቼ እሠራለሁ፣ ለእኔ ያ ይሻለኛል።

መብራቱ ላይ እንምጣ። ይህ ስክሪን ኤልኢዲ አይደለም። ከኋላው ያለው ሲሲኤፍኤል የሚባል የፍሎረሰንት ዓይነት ቀጭን ቱቦ ነው። ቱቦው ሲቀዘቅዝ ይደበዝዛል። ደሴን የሚያውቅ ያውቃል፣ በነሐሴ ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ጣት እንኳ ኪቦርድ ላይ አልታዘዝ ይላል። ስክሪኑም እንደዚያው ነው። ሲበራ ቢጫ ቢጤ ነው፣ ደብዘዝ ይላል፣ ቆይቶ ነው ወደ ቦታው የሚመጣው። ሱቅ ስከፍት መጀመሪያ የማበራው እሱን ነው፤ ጠርጌ፣ ወረቀት ሞልቼ እስክመለስ ይሞቃል። ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዬ አንድ ዓይነት ስክሪን አለው፣ ይህን ችግር አያውቀውም። የእሱ ችግር ሌላ ነው፣ የኮምቦልቻ ሙቀት የፓወር ቦርዱን (ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለውን ሰሌዳ) ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ትንሽ ዕቃ፣ ያደርቃል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የካፓሲተር ዕድሜ በግማሽ ግድም ይቀንሳል ይባላል፣ አቧራው ደግሞ የአየር ቀዳዳውን ይደፍናል። የእሱ ካፓሲተር አብጦ አስቀይሮታል። የእኔው እስካሁን ደህና ነው።

ቱቦው ብዙውን ጊዜ ከ40,000 እስከ 50,000 ሰዓት ሲሠራ ብርሃኑ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ብትሠሩ 40,000 ሰዓት ማለት ወደ 17 ዓመት ነው። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ ቀን ከሌት ሲበራ የኖረውንና አንድ ክፍል ተቀምጦ አቧራ ሲጠጣ የኖረውን መለየት ያስፈልጋል። ጀርባው ላይ የተሠራበት ወር ተለጥፏል፣ ግን እሱ ብቻ አይበቃም።

ስትገዙ ቀዝቅዞ እያለ አስበሩት። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ አጥፍቶ ትንሽ እንዲያቆየው ጠይቁ። ሲበራ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቀይ ካደላ ቱቦው እየሞተ ነው። በርቶ ወዲያው ጥቁር ከሆነ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ስክሪኑ ላይ በቅርብ ያዙት። ደብዘዝ ያለ ምስል ከታያችሁ ፓኔሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚሠራው የፊት ክፍል፣ ደህና ነው፣ የጠፋው የኋላው መብራት ወይም እሱን የሚያንቀሳቅሰው ቦርድ ነው። እንዲህ ያለውን በቁራጭ ዕቃ ዋጋ ካልሆነ አትውሰዱ። ከዚያ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስል በየተራ ሙሉ ስክሪን አሳዩትና የሞተ ነጥብ ፈልጉ። መቆሚያው እንዳይረሳ! ያለ መቆሚያው ይህ ስክሪን ግማሽ ነው።

አንድ የማይመች ነገርም አለው። በዚህ ስም የተሸጠው ሁለት ዓይነት ፓኔል ነው፣ አንዳንዱ የኤልጂ ፊሊፕስ ኤስ-አይፒኤስ፣ አንዳንዱ የሳምሰንግ ኤስ-ፒቪኤ። የእኔው ፒቪኤ ይመስለኛል፣ ፊት ለፊት ሳየው ጥቁር አካባቢ ያለ ዝርዝር ይዋጣል። ለፎቶ ሥራ ይህ ይረብሻል። ለጽሑፍ ሁለቱም ጥሩ ናቸው።

ከአዲስ አበባ ለምታስመጡ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፣ መቆሚያውን ንቀሉና ለብቻ አስጭኑት። ስክሪኑን ፊቱ ላይ ወፍራም ካርቶን አድርጋችሁ በጋቢ ጠቅልሉት፣ አስተኝታችሁ ላዩ ላይ ሻንጣ አታስጭኑ። ሲደርስ ፊቱን በአልኮል ወይም በመስታወት ማጽጃ አትጥረጉ፣ አንጸባራቂ አይደለም፣ ልባሱ ይጎዳል። በውሃ ረጠብ ያለ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

መብራት ሲጠፋ ከዲቫይደሩ አጠፋዋለሁ። መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚወረውረው ነገር ለአሮጌ ፓወር ቦርድ አይመችም። ዩፒኤስ ላይ ደግሞ ከኤልኢዲ ስክሪን የበለጠ ይበላል፣ ይህን አስባችሁ ግዙ።

ዕቃዎቹን ልጨምር። ከሥሩ የሚሰካ ኤኤስ501 የሚባል የዴል ድምፅ ማጉያ አለ። ኤሌክትሪኩን ከስክሪኑ ነው የሚወስደው፣ ተጨማሪ ሶኬት አይፈልግም። የስብሰባ ቅጂ እየሰማሁ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ የሰው ንግግር ጥርት አድርጎ ያሰማኛል፣ ለሙዚቃ ግን ባስ የለውም። ስክሪኑ ላይ አራት የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ አለ። ፍጥነቱ የድሮ ነው፣ ግን ባለጉዳይ ፍላሽ ይዞ ሲመጣ ከጠረጴዛ ሥር መጎንበስ ቀርቷል። ኪቦርዴም አሮጌ ነው፣ ሐምራዊ ጫፍ ያለው ፒኤስ2፣ ከዩኤስቢ በፊት የነበረው ክብ መሰኪያ። ኮምፒውተሩ በርቶ እያለ አትንቀሉት፣ አትሰኩትም፣ ለዚያ አልተሠራም። ቁልፉ ጠንካራ ነው፣ ስትጫኑት መልስ ይሰጣል።

ከስብስቤ ሌላው፣ ከ2007ኤፍፒ ጎን ያለው፣ ባለ 19 ኢንቹ ዴል 1907ኤፍፒ ነው፣ 1280 በ1024። ቲኤን የሚባል ሌላ ዓይነት ፓኔል ስለሆነ ወደ ጎን ሲቆም አንዱ ዓይን የሚያየው ቀለም ከሌላው ይለያል፣ ራስ ያዞራል። አግድም ብቻ ነው የምጠቀምበት፣ የተቃኘ ሰነድ ለማየት። ለዋና ሥራ አልመክረውም። ሲአርቲውን፣ ያንን ጀርባው ትልቅ የድሮ ስክሪን፣ ለሥራ አላበራውም፣ ስለምወደው ነው ያለው።

ፊልም የምታዩ፣ ፎቶ የምታሳምሩ፣ ሰፊ የኤክሴል ሠንጠረዥ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ስክሪን አትግዙ። ለእናንተ ወርዱ ያስፈልጋችኋል፣ 1920 በ1200 የሆነውን ዴል ዩ2412ኤም ብትፈልጉ ይሻላል፣ ኤልኢዲ ነው፣ ቁመቱም ከተራው ሰፊ ስክሪን ይበልጣል። የጽሕፈት ሥራ ላላችሁ ግን 2007ኤፍፒ በአዲስ ስክሪን አልለውጠውም። ሁለተኛ እየፈለግኩ ነው፣ አንዱን አግድም፣ አንዱን ወደ ጎን አቁሜ ለመሥራት። ኮምቦልቻም ሆነ ወልድያ መቆሚያው ያልጠፋበት ካያችሁ፣ ከመግዛቴ በፊት ቀዝቅዞ ሲበራ የሚያሳይ ቪዲዮ ላኩልኝ።