የህንዱ የምርጫ ቦንድ፦ ምሥጢሩ የተጠበቀው ከማን ነበር?

የህንድን የምርጫ ቦንድ፣ ማለትም ለፖለቲካ ፓርቲ ገንዘብ ለመስጠት ከባንክ የሚገዛውን ወረቀት፣ የሚሸጠው አንድ ባንክ ብቻ ነበር፤ አብላጫ ድርሻው የመንግሥት የሆነው ስቴት ባንክ ኦፍ ኢንዲያ። የዚህ ምርት ጉድለት ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው። ኩባንያዎች ለፓርቲ ገንዘብ የሚሰጡበት ሕጋዊ መንገድ ይሆናል ተብሎ በ2017 የበጀት ንግግር ላይ ታወጀ፣ በማርች 2018 ለሽያጭ ቀረበ፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2024 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ተሻረ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥልጣን ላይ ያለ ፓርቲና ባለሀብት እንዴት እንደሚገናኙ ማየት ለሚፈልግ ሰው የዚህን ያህል በቁጥር የተመዘገበ ነገር ማግኘት ከባድ ነው።

እንደ ባንክ አገልግሎት ብቻ ካየነው አሠራሩ የተዋጣለት ነበር። ገዢው የህንድ ዜጋ ወይም ህንድ ውስጥ የተመዘገበ ኩባንያ መሆን አለበት። ከተፈቀደላቸው 29 ቅርንጫፎች ወደ አንዱ ሄዶ ማንነቱን ያስመዘግባል፤ ጥሬ ገንዘብ ስለማይቀበሉ በቼክ ወይም በሂሳብ ዝውውር ይከፍላል። ቦንዱ ባለ 1 ሺህ፣ ባለ 10 ሺህ፣ ባለ 100 ሺህ፣ ባለ 1 ሚሊዮን እና ባለ 10 ሚሊዮን ሩፒ ነው። ወለድ የለውም፤ ገዢውም የአገልግሎት ክፍያ አይጠየቅም። መስኮቱ በጃንዋሪ፣ በኤፕሪል፣ በጁላይና በኦክቶበር ለ10 ለ10 ቀን ይከፈታል፤ ምርጫ ባለበት ዓመት ቀን ይጨመራል። ወረቀቱ ላይ የማንም ስም አይጻፍም፤ እንደ ተስፋ ሰነድ (የክፍያ ቃል እንደሚሰጥ ወረቀት) ይዞት ለመጣው የሚከፈል ነው። ተቀባዩ ፓርቲ በመጨረሻው የፓርላማ ወይም የክልል ምርጫ ቢያንስ 1 በመቶ ድምፅ ያገኘ መሆን አለበት፤ በ15 ቀን ውስጥ ሂሳቡ ካላስገባውም ገንዘቡ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ የእርዳታ ፈንድ ይውላል። ከኤፕሪል 1 ቀን 2019 እስከ ውሳኔው ቀን ከተሸጡት 22,217 ቦንዶች 187ቱ በዚህ መንገድ አምልጠዋል።

ከወረቀቱ በላይ ጉዳት ያደረሰው አብሮት የመጣው የሕግ ለውጥ ነው። ቀድሞ አንድ ኩባንያ ለፓርቲ መስጠት የሚችለው ያለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ የተጣራ ትርፉን 7.5 በመቶ ብቻ ነበር፤ ለየትኛው ፓርቲ እንደሰጠም በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ይጽፋል። የ2017ቱ የፋይናንስ አዋጅ ሁለቱንም አነሳ። ጣሪያው ሲነሳ ኪሳራ ላይ ያለ ኩባንያም፣ ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ የስም ኩባንያም በሩ ተከፈተለት። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክም የምርጫ ኮሚሽኑም ይህን ገና ከጅምሩ በጽሑፍ ተቃውመዋል፤ ሰሚ ግን አላገኙም።

አሁን ወደ ዋናው መሸጫው፣ ወደ ምሥጢራዊነቱ እንምጣ። ለጋሹ ስሙ ከወጣ የተሸነፈው ወይም ያልተሰጠው ፓርቲ ቂም ይይዝበታል፤ ስለዚህ ይሰወርለት የሚል ነበር መከራከሪያው። በ2018 ግን አንዲት ጋዜጠኛ የገዛችውን ቦንድ ላብራቶሪ አስመረመረች። በባዶ ዓይን የማይታይ፣ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ በቀኝ ላይኛው ጥግ የሚወጣ የፊደልና የአኃዝ መለያ ተገኘበት። የገንዘብ ሚኒስቴሩ ቁጥሩ ሐሰተኛ ቦንድን ለመከላከል የተቀመጠ እንደሆነ፣ ከገዢውም ሆነ ከፓርቲው ጋር ተያይዞ በባንኩ መዝገብ እንደማይያዝ ገለጸ። በ2024 ፍርድ ቤት ሲያዝ ግን ባንኩ የሁለቱንም ወገን ቁጥር አውጥቶ አስረከበ።

ደንቡም መረጃው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሕግ አስከባሪ አካል የወንጀል መዝገብ ሲከፍት እንዲሰጥ ይፈቅድ ነበር። ባንኩ የመንግሥት፣ መርማሪዎቹም በመንግሥት ሥር ናቸው። ማን ለተቃዋሚ እንደሰጠ ማወቅ የሚችለው እንግዲህ ማን ነው? ተቃዋሚው አይችልም፣ ባለአክሲዮኑ አይችልም፣ መራጩ አይችልም። ቂም ይፈራል የተባለው ለጋሽ የተጋለጠው ቂሙን ለመወጣት አቅም ላለው ወገን ነው። ምርቱ ቃል የገባውን ተቃራኒ አደረገ የምንለው ለዚህ ነው፤ ከአምስት ነጥብ ውስጥ አንዱን እንኳ ልንሰጠው አንችልም።

ቁጥሮቹ ሲወጡ ማዕከላዊውን መንግሥት የሚመራው ባህራቲያ ጃናታ ፓርቲ ከኤፕሪል 2019 ወዲህ ብቻ 60.6 ቢሊዮን ሩፒ ገደማ መመንዘሩ ታወቀ፤ የተቃዋሚው የኮንግረስ ፓርቲ 14 ቢሊዮን አካባቢ ነው። ትልቁ የቦንድ ገዢ ፊውቸር ጌሚንግ የተባለ የሎተሪ ድርጅት ሲሆን ከ13 ቢሊዮን ሩፒ በላይ አውጥቷል፤ በዚሁ ጊዜ ሕገ ወጥ ገንዘብን ሕጋዊ በማስመሰል ጥርጣሬ ምርመራ ላይ ነበር። ከፍተኛውን ድርሻ የሰጠው ግን ለማዕከላዊው መንግሥት ፓርቲ አይደለም። በ2024 የምዕራብ ቤንጋልን ክልል ይመራ ለነበረው ትሪናሙል ፓርቲና የታሚል ናዱን ክልል ይመራ ለነበረው ዲኤምኬ ፓርቲ ከ5 ቢሊዮን በላይ ለእያንዳንዳቸው ሰጥቷል። ገንዘቡ የሚከተለው ፈቃድ የሚሰጠውን ወንበር ነው፤ ወንበሩ በማዕከሉ በዴልሂ ይሁን በታሚል ናዱ ዋና ከተማ በቼናይ ለውጥ የለውም።

ዝርዝሩን ማየት ለሚፈልግ፦ ማርች 14 ቀን 2024 የወጡት ሁለት ሰነዶች፣ አንዱ የገዢዎች አንዱ የፓርቲዎች፣ ለብቻቸው አይጣመሩም። ማርች 21 የወጡትን፣ መለያ ቁጥር ያለባቸውን ያውርዱና በቁጥሩ ያዛምዱ። ሦስት ነገር ያሳስታል። አንድ ድርጅት ስሙ በተለያየ አጻጻፍ ይመጣል፤ እህት ኩባንያዎች ለየብቻ ይቆጠራሉ፤ ከኤፕሪል 12 ቀን 2019 በፊት የተሸጠው ደግሞ ጭራሹን የለም። የቦንዱ ቀን ከጨረታ ወይም ከፍተሻ ቀን ጋር ስለተቀራረበ ብቻ እጅ መንሻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። የጨረታውን ሰነድ፣ ማን እንደተወዳደረና ማን እንደወደቀ ማየት ያስፈልጋል።

ከ2013 ጀምሮ ያለው የምርጫ ትረስት፣ ከለጋሾች ገንዘብ ሰብስቦ ለፓርቲዎች የሚያከፋፍል ተቋም፣ አሁንም ይሠራል። ትረስቱ በዓመቱ ከሰበሰበው ቢያንስ 95 በመቶውን ለፓርቲዎች ማከፋፈል አለበት፤ የሰጪዎችንና የተቀባዮችን ስምም ያሳውቃል። ይህ ከቦንዱ በብዙ ይሻላል። ነገር ግን ገንዘቡ አንድ ቋት ውስጥ ስለሚገባ የየትኛው ኩባንያ ሩፒ ለየትኛው ፓርቲ እንደደረሰ ከሪፖርቱ አይለይም።