አፕቴይነር፦ የጋራ ክላስተር ላይ ለምትሠሩ

ዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር «ኮንቴይነር» በሚባል ጥቅል ውስጥ የሚያስኬድ መሣሪያ) የለመደ ሰው ክላስተር (ብዙዎች የሚጋሩት የተያያዙ ኮምፒውተሮች ስብስብ) ላይ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰማው «ዶከር እዚህ አይፈቀድም» የሚል ነው። አድሚኖቹ አይፈረድባቸውም፤ በተለመደው አጫጫን ዶከርን ማዘዝ የቻለ ተጠቃሚ የማሽኑ ሩት (ሁሉን ማድረግ የሚችል ተጠቃሚ) ሆነ ማለት ነው። ያለ ሩት ሥልጣን ኮንቴይነር የሚያስኬደው አፕቴይነር የተሠራው ለዚህ ነው። በ2015 በሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሲንጉላሪቲ ተብሎ ተጀመረ፤ የአሁኑን ስም ያገኘው በ2021 ወደ ሊኑክስ ፋውንዴሽን ሲገባ ነው። ከኮንቴይነሩ ውጭ ተራ ተጠቃሚ ከሆናችሁ ውስጡም ያው ናችሁ።

ኢሜጁ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ጥቅል) አንድ የሲፍ (SIF) ፋይል ብቻ ነው። በኮንዳ (የፓኬጅ መጫኛ) የተዘጋጀ የሥራ አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ይዞ የጋራውን ዲስክ ሲያጨናንቅ ይህኛው እንደማንኛውም ፋይል ይገለበጣል። ከአምስት ኪሎ ሆኖ ውጭ አገር ያለ ክላስተር ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ ብዙ ጂቢ የሚመዝነው የፓይቶርች (የማሽን ለርኒንግ ላይብረሪ) ኢሜጅ ከዶከር ሃብ (የኢሜጆች የኢንተርኔት ማከማቻ) በቀጥታ ወደ ክላስተሩ ይወርዳል እንጂ የእናንተን ዳታ አይበላም። ትዕዛዙን ክላስተሩ ላይ ቲመክስ (ግንኙነት ቢቋረጥም ሥራውን የሚያስቀጥል ፕሮግራም) ውስጥ ስጡ፤ መብራት ቢጠፋም ማውረዱ ይቀጥላል።

ከማውረዳችሁ በፊት ግን የካሽና የቴምፕ ፎልደሮቹን (የወረዱና ጊዜያዊ ፋይሎች የሚቀመጡባቸውን) ወደ ስክራች (የክላስተሩ ጊዜያዊ ማከማቻ) አዙሩ። ካልተነገረው ካሹን ሆም (የግል ፎልደራችሁ) ውስጥ ያስቀምጣል፤ የተፈቀደላችሁ ቦታ (ኮታ) ጠባብ ከሆነ ሥራው መሃል ላይ ይቆማል።

ትልቁ ወጥመድ ሌላ ነው። አፕቴይነር ሆም ፎልደራችሁን ሳትጠይቁት ኮንቴይነሩ ውስጥ ይከፍተዋል። ዳታና ኮድ በቀላሉ ማግኘታችሁ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ድሮ በፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ መጫኛ) «ዩዘር» ብላችሁ የጫናችሁት ነምፓይ (የፓይተን የስሌት ላይብረሪ) በተደበቀው የሎካል ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። የፓይተን ስሪቱ ከኮንቴይነሩ ጋር ከገጠመ ፓይተን የሚያነሳው ያንን ነው፤ የኢሜጁ ነምፓይ ይቀራል። ያኔ አንድ ኢሜጅ እናንተ ጋ ይወድቃል፣ ጓደኛችሁ ጋ ይሠራል። ነምፓይን ኢምፖርት አድርጋችሁ የተነሳበትን ፎልደር አሳትሙ፤ ሆም ውስጥ ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ። «ኖ ሆም» የሚለውን አማራጭ ጨምሩና የምትፈልጉትን ፎልደር ብቻ በባይንድ (የውጭ ፎልደርን ኮንቴይነሩ ውስጥ በሚከፍተው አማራጭ) አስገቡ። በነገራችን ላይ ስክራችም በብዙ ክላስተር በራሱ አይገባም፤ ፋይሉ እያለ «የለም» የሚላችሁ ለዚህ ነው።

ጂፒዩ ላይ «ኤንቪ» የሚለውን አማራጭ አትርሱ። የኖዱን (ሥራችሁ የሚሄድበትን የክላስተሩን ኮምፒውተር) የኤንቪዲያ ድራይቨር ወደ ውስጥ የሚያስገባው እሱ ነው። ከረሳችሁት ፓይቶርች ጂፒዩ አያይም፤ ኮዳችሁ ጂፒዩ ሲያጣ ወደ ሲፒዩ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ስህተት እንኳ ሳያሳይ ሲያዘግም ያድራል። ኩዳው (ፕሮግራሞች ጂፒዩን የሚጠቀሙበት የኤንቪዲያ ሶፍትዌር) ኢሜጁ ውስጥ ነው፣ ድራይቨሩ የኖዱ ነው፤ ያረጀ ድራይቨር አዲስ ኩዳ አይሸከምም።

የራስን ኢሜጅ መገንባት ከ1.1 ስሪት ወዲህ ቀሏል፤ ክላስተሩ የዩዘር ኔምስፔስ (ተራ ተጠቃሚን በራሱ ክልል ውስጥ ብቻ እንደ ሩት የሚያሠራ የሊኑክስ ባህሪ) ከፈቀደ ሩት አያስፈልግም። ሎጊን ኖድ (ሁሉም መጀመሪያ የሚገባበት ኮምፒውተር) ላይ ግን አትገንቡ፤ ፋይሎቹን አምቆ አንድ ሲያደርግ ሲፒዩና ሜሞሪ ስለሚበላ አድሚኖቹ ሊያቋርጡባችሁ ይችላሉ። ኢንተርኔት ያለው የሥራ ኖድ ካለ እዚያ ይሻላል።

ኤምፒአይ (በተለያዩ ኖዶች ያሉ ፕሮግራሞች መልእክት የሚለዋወጡበት ሶፍትዌር) በብዙ ኖድ ለሚያስኬድ ሰው በኮንቴይነሩ ውስጥና ውጭ ያለው የኤምፒአይ ስሪት መግጠም አለበት፤ ይህ አሁንም አድካሚ ነው።