የእናቴን ኢንሱሊን ከመበላሸት ላተረፈልን የሶላር ባለሙያ ምስጋና

በካምፐር ቫን (ውስጡ በሚታደርበት መኪና) ለመጓዝ የምታስቡ፣ በአነስተኛ ገንዘብ የመጠባበቂያ ሶላር ማስገጠም የምትፈልጉ ሰዎች ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። እኛ ያየነውን እንዳታዩ ነው። ደግሞም አንድ ሰው በአደባባይ መመስገን አለበት።

እናቴ የስኳር ታማሚ ናት። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ሙቀት ያበላሸዋል። በረዶ ከሠራም ይጣላል እንጂ ቀልጦ አይወሰድም። ስለዚህ መኪናችን ውስጥ ያለችው ትንሽዬ ፍሪጅ ለእኛ የቅንጦት ዕቃ አይደለችም። ሞተሩ ጠፍቶ መኪናው ሲቆም ፍሪጇ መሥራት አለባት፤ አለቀ።

ከዚህ ባለሙያ በፊት ስለገጠሙን ሰዎች ስም አልጠራም። አንዱ ጣራውን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ረጅም የዕቃ ዝርዝር ጻፈልን። ትልቅ ሊቲየም ባትሪ፣ ትልቅ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል እንደ ቤት መብራት ኃይል የሚቀይረው ዕቃ)፣ ጣራውን የሚሞላ ፓኔል። አቅማችን አይፈቅድም ስንለው «እንግዲያው ጉዞው ይቅርባችሁ» አለን። እናቴ ፊት!

ሌላው በርካሽ እሠራለሁ ብሎ ሂሳቡን ቀድሞ ተቀበለና ገጠመልን። ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት ፍሪጇ ትጠፋለች። ጠዋት ስንከፍታት ውስጧ ሞቋል። ገመዱን ስትነኩት ይፋጃል። ስንደውል አያነሳም፤ ሲያነሳም «አጠቃቀማችሁ ነው» ይላል። ኢንሱሊን ጥለናል። መድኃኒት እኮ ነው የጣልነው! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህኛውን ሰው የጠቆመን እንደኛ በመኪና የሚጓዝ ወዳጃችን ነው። መጣ። የመሣሪያ ሳጥኑን ሳይከፍት ቁጭ አለና ወደ እናቴ ዞሮ «እማማ፣ ፍሪጇ ውስጥ የሚያስቀምጡት ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። እስክትጨርስ አዳመጣት። «በሉ እንግዲህ፣ ሥራው የሚጀምረው ከእሱ ነው» አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀን አንድም ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ማታ ማታ የምንጠቀምበትን ሁሉ አስቆጠረን። መብራት፣ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ። ማፍያው ላይ ሲደርስ አስቆመን። ከ1000 ዋት በላይ እንደሚወስድና ለእሱ ብቻ ብለን ትልቅ ኢንቨርተርና ትልቅ ባትሪ እንደምንገዛ ነገረን። ውሃ በጋዝ አፍሉ አለን። ሊሸጥልን ይችል የነበረውን ዕቃ በአንድ ምክር አስቀረልን። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?

ከዚያ ጣራው ላይ ወጣ። ፓኔላችን ባለ 100 ዋት ነው፣ አርጅቷል። ይጣል እንደሚለን እርግጠኛ ነበርኩ። እሱ ግን ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚያሳየውን የመቆጣጠሪያውን ቁጥር እያየሁ እንድጠብቅ ነገረኝ፤ መዳፉንም የፓኔሉ ጥግ ላይ አሳረፈ። ቁጥሩ ወዲያው አሽቆለቆለ። መዳፉን ሲያነሳ ተመለሰ። «እህቴ፣ ፓኔላችሁ ደህና ነው። የሚገድለው የአየር ማስወጫው ክዳን ጥላ ነው» አለኝ። በእጅ መዳፍ የምታህል ጥላ ይህን ያህል ታጠፋለች ብሎ ማን ያስባል? ፓኔሉን ፈትቶ ጥላ ወደማይደርስበት ቦታ አዛወረው። አዲስ ፓኔል አልገዛንም።

የቀረውን ሥራ እንደገባኝ ልንገራችሁ እንጂ ኤሌክትሪክ አላውቅም። ቀጫጭኑን ገመድ አውጥቶ በወፍራም ተካው። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አስገባ። የቀደመው ሰው ምንም ፊውዝ አላስገባም ነበር፤ እሳት ሊነሳ ይችል ነበር ማለት ነው። ፍሪጇን ኢንቨርተሩን ሳታልፍ በቀጥታ ከ12 ቮልቱ ባትሪ ጋር አገናኛት፤ ኢንቨርተር ራሱ ክፍት ሲሆን ባትሪ ይበላል አለ። መኪናው ሲሄድ ደግሞ ባትሪው ከዲናሞው እንዲሞላ አደረገው። ባትሪያችን ሊድ አሲድ፣ ማለትም ከሊቲየም የሚረክሰው የተለመደው ዓይነት ነው። የሚይዘው ኃይል 100 አምፒር ሰዓት ቢሆንም እንዲበረክት ከግማሽ በታች ባናወርደው ይሻላል ብሎ መከረን። ሊቲየም ወደፊት ገንዘብ ሲኖራችሁ ትቀይራላችሁ፣ አሁን ለመጠባበቂያ ይህ ይበቃችኋል አለ።

እኔን ያስለቀሰኝ ግን ሌላ ነው። ባትሪው ሲዳከም መጀመሪያ ሶኬቶቹ እንዲጠፉ፣ ፍሪጇ ግን መጨረሻ ላይ እንድትቀር አድርጎ ነው የሠራው። እኛ አልጠየቅነውም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ላፕቶፑ ይጥፋ፤ የእማማ መድኃኒት አይነካም» አለኝ።

ሲጨርስም ፍሪጇ ውስጥ ቴርሞሜትር አስገብቶ፣ ቅዝቃዜው በትክክል እስኪገባ ድረስ እስከ ማታ አብሮን ቆየ። በማግስቱ ጠዋት እኛ ሳንደውልለት እሱ ደወለ። «ስንት ዲግሪ አደረ? እማማስ እንዴት አደሩ?» ነው ያለው። ለዚህ ሁሉ ከተስማማንበት ሂሳብ በላይ አልጠየቀም። እጁ ይባረክ። ዕድሜ ይስጠው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጉዘናል። ደመና በበዛበት ቀንም ቆመን አድረናል። ቴርሞሜትሩ ከ8 ዲግሪ አልፎ አያውቅም። እናቴ ድሮ ሌሊት እየተነሳች ፍሪጇን ትዳብስ ነበር። አሁን ትተኛለች።

እባካችሁ፣ ሶላር የምታስገጥሙ ከሆነ ከማንም በፊት እሱን አናግሩት። ደጋግሜ እላለሁ፣ እሱን አናግሩት! ስልኩን እዚህ መለጠፍ አልፈልግም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ስትደውሉለት የምትጠቀሙባቸውን ዕቃዎች ከነዋታቸው ጽፋችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ብቻውን ስለሚሠራ ወረፋ አለው። ቶሎ አይደርሳችሁ ይሆናል፤ ግን ጠብቁት።