ደሴ ላሉት የኤምአርአይ ባለሙያዎች ምስጋና፣ የጭንቅላት ዕጢ ለተባላችሁ ጥቆማ

እዚሁ ደሴ ኤምአርአይ የሚያነሳውን ወጣትና ምስሉን የሚያነበውን ራዲዮሎጂስት ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ስማቸው እንዲጻፍ አይፈልጉም፤ ሥራቸውን ግን እንናገራለን።

ታካሚ ሌላ ቦታ ተነስቶ የሚያመጣው ወረቀት ብዙ ጊዜ ሁለት መስመር ነው፦ «ስፔስ ኦኩፓይንግ ሊዥን (ቦታ የያዘ ባዕድ ነገር)፣ ዕጢ ሊሆን ይችላል»። ያን ሁሉ ብር ተከፍሎ! ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላው በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት) ከተሰጠ በኋላ ብቻ የተነሳም አለ። ከመርፌው በፊት ቲ ዋን የሚባለው የኤምአርአይ ምስል ካልተነሳ፣ የነጣው ደም ይሁን ኮንትራስት የያዘ ዕጢ በምን ይለያል? በአካል ውስጥ የውሃን እንቅስቃሴ የሚያሳየው ምስል፣ ዲፍዩዥንማ ጭራሽ ተዘሎ ነው የሚመጣው።

እነዚህ አይዘሉም። ጠርዙ እንደ ቀለበት ያበራ ነገር ሲያዩ መሃሉ በዲፍዩዥን ነጭ፣ ከዲፍዩዥኑ ተሰልቶ በሚወጣው ኤዲሲ በሚባለው ምስል ጥቁር ከሆነ መግል ይጠረጥራሉ። ጠርዙ ወፍራምና ወጣ ገባ፣ መሃሉ የሞተ ከሆነ ግሊዮብላስቶማን (ኃይለኛ የአንጎል ካንሰር) ያስቀድማሉ። ሁለመናው እኩል አብርቶ ዲፍዩዥን ላይም ከነጣ ሊምፎማ (ከነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር)። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ላይ ግን ሊምፎማም ቀለበት ይሠራል፣ ቶክሶም (ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባለው የጥገኛ ተሕዋስ ኢንፌክሽን) እንዲሁ፤ ስለዚህ የደም ውጤት ሳይጠይቁ አይጽፉም።

ከሁሉ የምናመሰግናቸው ለአንዲት ጥያቄ ነው፦ «ዴክሳሜታዞን (የአንጎል እብጠት መቀነሻው መድኃኒት) ተጀምሯል?» ሊምፎማ በዚህ መድኃኒት ይሟሽሻል፤ ከዚያ በኋላ ከዕጢው ናሙና ቢወሰድ ፓቶሎጂው (የናሙናው ምርመራ) ባዶ ሊወጣ ይችላል። ሊምፎማ ከጠረጠሩ ሪፖርቱ እስኪታተም አይጠብቁም፣ ለላከው ሐኪም ይደውላሉ። እንዲህ ያለ ባለሙያ የት ይገኛል?

ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ማሽኑ ሲያንኳኳ ደንግጠው ራሳቸውን አነቃነቁ። ወጣቱ ገብቶ «አብሽሩ እማ፣ ከጨነቀዎት ይቺን ጨመቅ ያድርጓት» ብሎ የመጥሪያ ኳሷን እጃቸው ላይ አስያዘ፣ በጭንቅላታቸው ግራና ቀኝ ስፖንጅ ጠቀጠቀ፣ የተበላሸውን ብቻ ደግሞ አነሳ። ኮንትራስቱ ገና ሰውነታቸው ውስጥ ስለነበር ሁለተኛ መርፌ አላስፈለገም።

የምትሄዱ ሰዎች የክሪአቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) ውጤት ያዙ። የተለመደው ኮንትራስት በኪሎ 0.2 ሚሊ ሊትር ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 12 ማለት ነው፣ ስለዚህ ክብደታችሁን በግምት አትናገሩ። የልብ ማሽን ወይም ጭንቅላት ውስጥ በቀዶ ሕክምና የገባ የብረት ክሊፕ ካለ ከመግባታችሁ በፊት ተናገሩ። የድሮ ሲቲ ስካን ካላችሁም አትጣሉት፤ ኦሊጎዴንድሮግሊዮማ የሚባለው የአንጎል ዕጢ ውስጥ የሚጠራቀመው ካልሲየም እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የዕጢውን ዓይነት የሚያረጋግጠው ናሙናው ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ ግን ከየት እንደሚወስድ የሚያየው በዚህ ምስል ስለሆነ፣ ፊልሙን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ፣ ሲዲውንም ተቀበሉ።