የድሮ የእንግሊዝ ኮሜዲ፦ ፍላሽ ላይ ማስጫን ያዋጣል?

የድሮ የእንግሊዝ ኮሜዲ ሲባል ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቀድሞ የሚታወሰው ሚስተር ቢን ነው። ያስቃል፤ ቋንቋም አይጠይቅም። ከድሮዎቹ ትልቁ ሀብት ግን ፎልቲ ታወርስ የተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው፤ በ1975 እና በ1979 እ.ኤ.አ. የተላለፈ፣ በጠቅላላው 12 ክፍል ብቻ። እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከአቦል እስከ በረካ ሁለቱ ይታያሉ።

ጆን ክሊስ የሚጫወተው የሆቴል ባለቤት ትንሽ ውሸት ይዋሻል፤ እሷን ለመሸፈን ሌላ ይጨምራል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ይናድበታል። ሳቁ የሚመጣው ከዚህ ክምር ነው። መጀመሪያውን የዘለለ ሰው ምኑም አያስቀውም። ደሴ ላይ ሆቴል የሠራ ሰው የእንግዳውን ቅሬታና የወጥ ቤቱን ትርምስ ወዲያው ያውቀዋል። ስፔናዊውን አስተናጋጅ ማኑኤልን እየደጋገመ መምታቱ ግን ዛሬ ይከብዳል፤ ያ ድሮም አስቂኝ አልነበረም።

ሲያስጭኑ ሰብታይትል ይጠይቁ፤ ንግግሩ ፈጣን ነው። የሰብታይትሉ ፋይል ስም ከቪዲዮው ጋር አንድ ካልሆነና እዚያው ፎልደር ውስጥ ካልተቀመጠ ብዙ ቴሌቪዥኖች አያነቡትም። ምስሉ 4 በ3 ነው፣ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ወደ ካሬ የተጠጋ፤ ፊት ከተለጠጠ በሪሞት የስክሪኑን መጠን ይቀይሩ። ምስሉ ቢደበዝዝ ጥፋቱ የጫኚው አይደለም፤ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራው ትዕይንት ጥራቱ ዝቅ ባለ የድሮ ቪዲዮ ቴፕ የተቀረጸ ነው። «ኤችዲ» የተባለው ፋይል ቦታ ይይዛል እንጂ ብዙም አያጠራውም።

ለጀማሪ «ዘ ሆቴል ኢንስፔክተርስ» ይሻላል፤ ባለሆቴሉ የማንኪያ ነጋዴን ተቆጣጣሪ መስሎት የሚንከባከብበት ክፍል ነው።