ሳሊብ፦ የደቻቱን የጎርፍ ስሌት የፈተሽኩበት ነፃ መሣሪያ

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ከወሰደ ወዲህ፣ በድሬዳዋ የጎርፍ ስሌት የሚሠራ ባለሙያ የኮምፒውተሩን ውጤት እንደወረደ መቀበል የለበትም። ሳሊብ በፓይተን የተጻፈ ነፃ ላይብረሪ ሲሆን፣ የአንድ ሞዴል ውጤት በየትኛው ግብዓት ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ይለካል።

ነገሩን በእጅ ስሌት ማየት ይቻላል። 60 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከርቭ ነምበሩ (መሬቱ ዝናብን ምን ያህል ወደ ጎርፍ እንደሚቀይር የሚገልጸው ቁጥር) 80 በሆነ መሬት ላይ ቢወርድ፣ በተለመደው ቀመር ወደ ጎርፍ የሚቀየረው 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዝናቡ በ10 በመቶ ቢጨምር 24 ይደርሳል፤ ከርቭ ነምበሩ በዚያው መጠን ጨምሮ 88 ቢሆን ግን 32 ይሆናል። ሆኖም ግብዓቶችን አንድ በአንድ መቀያየር የጋራ ውጤታቸውን አያሳይም፤ የሳሊብ ጥቅም የሚታየውም እዚህ ላይ ነው።

በሳሊብ ውስጥ ያለው የሶቦል ዘዴ፣ ማለትም ግብዓቶቹን በአንድነት እየቀያየረ የእያንዳንዱን ድርሻ የሚለካው፣ እጅግ ጥሩ ነው፤ ከእያንዳንዱ መለኪያ ጎን የስህተት ወሰኑን ስለሚያወጣ የናሙናው ማነስ አይደበቅም። ዋጋው ጊዜ ነው። ለ6 ግብዓቶች በ1,024 መነሻ ናሙና፣ የእያንዳንዱን ሁለት ግብዓቶች የጋራ ተፅዕኖ ጨምሮ፣ ሞዴሉ 14,336 ጊዜ መሮጥ አለበት፤ አንዱ ሩጫ አንድ ደቂቃ ከፈጀ ወደ 10 ቀን ይጠጋል፣ መብራት ካልጠፋ። ስለዚህ አስቀድሞ በሞሪስ ዘዴ፣ ማለትም ግብዓቶችን በጥቂት ሩጫ በግርድፉ በሚያበጥረው የሳሊብ ዘዴ፣ መጀመርን እመክራለሁ፤ በ20 ዙር 140 ሩጫ ብቻ ስለሚጠይቅ፣ ተፅዕኖ የሌላቸውን ግብዓቶች ለይቶ ለማውጣት ይበቃል።

ሁለት ነገሮች ያሳስቡኛል። የሶቦል ስሌት ግብዓቶቹ እርስ በርስ የማይያያዙ እንደሆኑ ይቆጥራል፤ በእኛ ተፋሰስ ግን የአፈሩ እርጥበት የሰነበተውን ዝናብ ይከተላል። ከዚህ የሚብሰው፣ የሰጡትን ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ያለ ጥያቄ መቀበሉ ነው። እኔ ከተማው ውስጥ ያለውን የዝናብ መለኪያ አምኜ የዝናቡን ወሰን በጣም አጠበብኩት፤ ሳሊብም ዝናብን ከግብዓቶቹ ሁሉ የመጨረሻ አድርጎ አወጣው። ደቻቱን የሚሞላው ግን በስተደቡብ ተራሮች ላይ የሚወርደው ውሃ ነው። ወሰኑን ይህን ልዩነት እንዲይዝ አስፍቼ ስደግመው፣ ዝናብ ከከርቭ ነምበር ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ መጣ።